የጀላል ላምባና የገላነሽ ኩበት

አዛናው የላሟን ገመድ ከገላነሽ እጅ ተቀብሎ ጥርሷን ሊያይ ጎንበስ አለ። የከብት ነጋዴ ነው፤ ላም አፍ ውስጥ ሁልጊዜ የሚያገኘው የዋጋ ቅናሽ ነው።

"አርጅታለች እኮ፣ እቴ።"

"ካረጀች ተዋት!" አለችው ገላነሽ፤ ገመዱን ግን አልቀማችውም።

ባሏ ከሞተ ወዲህ እሷንና ልጆቿን ያኖረች ይህችው ላም፣ ቡሬ ናት። እበቷ ከገለባ ጋር ተለውሶ፣ በፀሐይ ደርቆ ኩበት ይሆንና በወረታ ጠላ ቤቶች ይነድድ ነበር። ባለሱቁ ጀላል የላምባ ምድጃ አምጥቶ ገበያ መሀል ውሃ ካፈላ በኋላ ግን ጠላ ሻጮቹ ገላነሽን ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ።

"ደግ አደረግሽ፣ ሽጫት" አላት ከገበያው ዳር የተቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ በላቸው። እሳት አንድዶ አያውቅም፤ ስለ እሳት ግን ብዙ አንብቧል። "በፈረንጅ አገር ከምድር ሆድ የሚወጣ ጋዝ በቧንቧ ማድቤት ድረስ ይገባል። ፈላጊው በየዓመቱ ይበዛል፤ የሚያሸንፈው በርካሽ የሚያወጣው ነው። ገንዘብሽን ከጀላል ላምባ ጋር አዋጪ።"

"ቧንቧው ወረታ መቼ ይደርሳል፣ አያ በላቸው?"

"አይቀርም።"

"እስኪደርስ ልጆቼ ምን ይብሉ?"

በላቸው ቧንቧው በዚያ በኩል የሚመጣ ይመስል ወደ ጣራ ገዳም ተራራ አየ።

"በርካሽ የሚያወጣው" ያለው ነገር ግን ገላነሽን አልለቀቃትም። ቡሬ የሜዳውን ሣር በነፃ ትግጣለች፤ ኩበቷ የመኪና ኪራይ የለበትም። ከዚህ የረከሰ ከየት ይመጣል?

"ተከተለኝ" አለችው አዛናውን። ላሟን እየጎተተ እስከ ጀላል ሱቅ ተከተላት።

"ጀላል፣ እውነቱን ንገረኝ። ክረምት የርብ ወንዝ ሜዳውን ሲያጥለቀልቅ ላምባህ በምን ይመጣል?"

"በታንኳ ነዋ!" ብሎ ሳቀ። ገመዱን አዛናው እጅ ላይ ሲያይ ሳቁን ተወ። "አይመጣም። ሐምሌ ሲጋመስ በርሜሎቼ ባዶ ናቸው። እኛም ቤት የሚነደው ያንቺው ኩበት ነው፤ ግማሹ በስብሶ ይደርሰናል እንጂ።"

"ጎጆዬ ያፈሳል፣ ምን ላድርግ?" አንገቷን አስግጋ የመጋዘኑን ቆርቆሮ አየች። "በርሜሎቹ ባዶ ሲሆኑ እዚህ ምን ያድራል?"

"አይጥ።"

"እንግዲያ ኩበቴ ይደርበት። በርሜሎቹን ግን ጓሮ አውጣ፣ እንዳንቃጠል። ክረምት ስንሸጠው ትርፉን እኩል።"

"ምነው ገላነሽ! ጀላል እበት ነጋዴ ሆነ ልታስብዪኝ ነው?"

"እሺ በላት አንተ!" አለች ሚስቱ ሀሚዳ ከመጋረጃው ጀርባ። "ክረምት ክረምት በጭስ የማለቅሰው እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህ!"

ጀላል አንገቱን አከከ። "እኩል ነው ያልሽው?"

"እኩል።"

"እሺ።"

ገላነሽ ገመዱን ከአዛናው እጅ ወሰደችና ከሱቁ ምሰሶ ጋር አሰረችው። ቡሬ ጭራዋን አነሳች።

"ኧረ ደጄ ላይ!" ጮኸ ጀላል።

"መዋጮዬ ነው" አለች ገላነሽ፤ እጅጌዋን ሰብስባ ገለባ ትፈልግ ጀመር።