የእኔ ያልሆነ ጭማሪ

የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ተጨመረ የተባለ ዕለት የመሥሪያ ቤቱን ደረጃ እየወለወልኩ ነበር። ጎባ ነው የምሠራው፣ ጽዳት። ቢሮው የመንግሥት ነው፤ እኔን የቀጠረኝና የሚከፍለኝ ግን ኤጀንሲ ነው። ይህን የምኖርበት ሮቤ ላይ ማን ይስማኝ! ጠዋት ጠዋት ጋዋኔን ለብሼ ሚኒባስ ስሳፈር ያየኝ ሁሉ የመንግሥት ሠራተኛ ነው የሚለኝ።

ስመለስ አከራዬ እትዬ አባይነሽ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«እንኳን ደስ ያለሽ! በሬዲዮ ሰማሁ። እንግዲህ እኔም ቤቱ ላይ ትንሽ ልጨምር።»

«ኧረ እትዬ፣ ጭማሪው እኔን አይመለከትም! የኤጀንሲ ነኝ እኮ።»

«ተይ እንጂ ሠርኬ! ከእኔም ትደብቂያለሽ?»

ትንሽ ያሉት ደመወዜን ጠራርጎ የሚወስድ ሆኖ አረፈው። ያስጨነቀችኝ ልጄ ልደት ናት። ትምህርት ቤቷ ከግቢያችን አጥር ቀጥሎ ነው። እኔ ሳይነጋ ወደ ጎባ ስሄድ እሷ ብቻዋን ገብታ ብቻዋን ትመለሳለች። ከዚህ ከወጣን ማን ያደርስልኛል?

በማግስቱ አብራኝ ከምትሠራው ከሙሉካ ጋር ለእኛም እንዲጨመርልን ልንጠይቅ ኤጀንሲው ቢሮ ሄድን። ኃላፊው ኃይለልዑል ከስልኩ ቀና እንኳን አላለም።

«ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ሕግ ሲወጣ እንነጋገራለን።»

«መቼ ነው የሚወጣው?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ያልተስማማው ይልቀቅ። ሥራ ፈላጊ ሞልቷል።»

ስንወጣ ሙሉካ «ማል ጎና?» አለች። እውነቷን ነው፣ ምን እናደርጋለን? ተናድጄ ልጮህ አልኩና ማን ላይ እንደምጮህ ጠፋኝ። እትዬ አባይነሽም ቢሆኑ በባላቸው ጡረታ ነው የሚኖሩት፤ የዘይቱ ዋጋ እሳቸውንም አልማረም።

ወሩ ሲያልቅ ከተማው ዳር፣ ከትምህርት ቤቱ ሩቅ፣ የምችለውን አንድ ክፍል አገኘሁ። ፍራሹን ጋሪ ላይ ስጭን እትዬ አባይነሽ እንባቸውን በነጠላቸው አበሱ። ከልባቸው ነው ያለቀሱት። ከዚያ መጥረጊያ አቀበሉኝ።

«በሞቴ ሠርኬ፣ ቤቱን ጥረጊልኝና ሂጂ። የሚገባው ሰው የመንግሥት ሠራተኛ ነው።»

ጠረግኩ። ሳልጨርስ የትምህርት ቤቱ ደወል ተደወለ። ልደት ከጋሪው ላይ ዘላ ወርዳ ቦርሳዋን አነሳች።

«እማዬ፣ ዛሬን ብቻ ልግባ?»

መጥረጊያውን እንደያዝኩ በአንድ እጄ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከልኩላት።