ያመሰገንኩበት መንገድ

ጠበቃዬን «ቀጠሮ» ብዬ የሰየምኩት እኔ ነኝ። አብረን ፍርድ ቤት በተመላለስንባቸው ሰባት ወራት ውስጥ ከቀጠሮ በቀር ሌላ ነገር ይዘን ወጥተን አናውቅም። ክፉ ሰው አይደለም። የኮቱ እጀታ ነትቧል፤ ሲናገርም ዳኛዋን ትቶ የራሱን ፋይል ነው የሚያየው። እኔ ደግሞ ትዕግስት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማንም በማይፈልገው ሩቅ ቦታ የሠራ ሐኪም ለስፔሻሊቲ ትምህርት ሲወዳደር፣ ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት ሁለት ነጥብ ይጨመርለታል። እኔ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ፈተናውን ሰባ አንድ አመጣሁ፤ የቀዶ ሕክምና መግቢያው ሰባ ስምንት ነበር። ስምንቷ ስትጨመር አለፍኩ ማለት ነው። እናቴ በዚያው ሳምንት ለጎረቤቱ ሁሉ «ቀዶ ሐኪሟ ልጄ» ማለት ጀመረች፤ ብትለመን አልተወችም።

ከዚያ የከተማ ሐኪሞች ተሰብስበው ከሰሱ። «ሩቅ ያልሆነ ቦታ ተቀምጠው የሩቅ ነጥብ የሚወስዱ አሉ» አሉ። ሚኒስቴሩ ደነገጠና አዲስ ዝርዝር አወጣ። የእኔ ጤና ጣቢያ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ምክንያቱን ስጠይቅ «አስፋልት ገብቶለታል» ተባልኩ። አራት ዓመቴ የውሃ ሽታ ሆነ። እኔም ክሱ ውስጥ ገብቼ ነጥቤ ይመለስልኝ አልኩ። የዕድሜ ገደቡ ሠላሳ አምስት ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ሠላሳ ስድስት እሞላለሁ። ይህቺ ዓመት ካለፈችኝ ቀዶ ሐኪም የመሆኔ ነገር አከተመ።

ለማዕረጉ ብዬ አይደለም የምንገበገበው። በእነዚያ አራት ዓመታት ውስጥ፣ ሆድ ከፍቶ ልጅ የሚያወጣ ሰው ጠፍቶ አምስት እናቶች እጄ ላይ አልፈዋል። አምስቱንም ፊታቸውን አውቀዋለሁ።

ክርክሩ በሚሰማበት ቀን የከሳሾቹ ጠበቃ፣ ጫማዋ የሚያብረቀርቅ ወጣት ሴት፣ ከፋይሏ አንዲት ወረቀት መዘዘች። ገና ከሩቅ ሳያት የጤና ጣቢያችንን ማኅተም ለየሁት።

መንገዱና ድልድዩ የተመረቁ ሰሞን፣ በሁለተኛ ዓመቴ፣ ለመንገዶች መሥሪያ ቤት የምስጋና ደብዳቤ ጽፌ ነበር። አዋላጇ ሲስተር፣ እዚያ ጤና ጣቢያ ሠላሳ ዓመት የሠሩት፣ ከጎኔ ቆመው «ዶክተርዬ፣ ጨምሪበት እንጂ! ሰው ሲመሰገን ነው የሚሠራው፤ ነገ ደግሞ መብራቱን እንጠይቃለን» ይሉኝ ነበር። እኔም ጨመርኩበት። ምን አለ ያኔ ብዕሩ በነጠፈ!

ጠበቃዋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው። «ከዛሬ ጀምሮ ሩቅ የሚለው ስም ከላያችን ተነሥቷል። ሻይ ቀድተን ብንነሣ ሳይቀዘቅዝ ሆስፒታል እንደርሳለን።»

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ዳኛዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«ደብዳቤው የእርስዎ ነው?»

«አዎ፣ ክብርት ዳኛ።»

«የጻፉት ሐሰት ነው?»

ምን ልበል? ሐሰት ነው ብል ውሸታም ነኝ፤ እውነት ነው ብል ነጥቤን በገዛ አፌ አስረከብኩ። ሆስፒታሉ ሁለት ሰዓት እንደሚያስኬድ፣ መብራቱ እስከ ዛሬ እንዳልመጣ፣ አምቡላንሷ ለስብሰባ እንደምትወሰድ ልናገር ፈልጌ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ደስ ብሎን ነበር» አልኩ።

ጸሐፊዋ ከኮምፒውተሯ ቀና ብላ «ይህም ይጻፍ?» አለች።

«ይጻፍ» አሉ ዳኛዋ።

ማታ ለእናቴ ስነግራት እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ቀረች። «ማመስገንም ያስከስሳል እንዴ፣ ልጄ?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀዶ ሐኪሟ ማለቱን ተወች። መተዋ ከሳቁ በላይ አመመኝ።

ውሳኔው ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ረፋዱ ላይ ተነበበ። ዳኛዋ አራት ገጽ ቀና ሳይሉ ጨረሱት። የአንድ ቦታ አስቸጋሪነት የሚመዘነው ጉዳዩ በሚወሰንበት ጊዜ ባለው ሁኔታ ነው፤ ቦታው ሩቅ አለመሆኑን አመልካቿ ራሷ በጽሑፍ አረጋግጣለች፤ ጥያቄዋ ውድቅ ሆኗል። በቃ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ቀጠሮ ወጣን።

ደረጃው ላይ ስንደርስ ቀጠሮ «ይግባኝ አለ እኮ፣ ዶክተር» አለኝ።

«መቼ ያልቃል?»

«አዲስ ማስረጃ ካልተገኘ… በሚቀጥለው ዓመት።»

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ ስል ስልኬ ጮኸ። ሲስተር ናቸው። እኔ ከለቀቅኩ ሦስት ወር ሆኖኛል፤ ቦታው ነጥብ ስለሌለው በእግሬ የተተካ ሐኪም የለም። ሁሌም እንደሚያደርጉት ሰላምታውን ያስረዝሙታል ብዬ ነበር።

«ዶክተርዬ፣ ድልድዩ እኮ ሄደ!»

«ምን አሉኝ?»

«ትላንት ጎርፉ ጠራርጎ ወሰደው። መኪና የለ፣ ሰው አይሻገር፤ ተቆርጠን ቀረን።»

አልዋሽም፤ ልቤ በደስታ ዘለለ። የቀጠሮን እጀታ ጨምድጄ ያዝኩ። «ድልድዩ ፈርሷል! መንገድ የለም! ማስረጃ አይሆንም?»

ሰውየው ፊቱ በራ። ከተዋወቅን ጀምሮ ዓይኔን ሲያየኝ የመጀመሪያው ነበር። «እንዴታ! ፎቶ ያስፈልጋል። ቀኑ የሚታይበት። ከአስተዳደሩም ደብዳቤ!»

«ሲስተር፣ ይስሙኝ» አልኩ። «በስልክዎ ፎቶ ያንሱልኝ። የፈረሰበት ስፋት በደንብ እንዲታይ ከዳሩ ሰው ይቁም። አሁን እዚያ ሰው አለ?»

በስልኩ ውስጥ የውሃው ድምፅ ይሰማኛል።

«ሰውማ አለ» አሉ ቀስ ብለው። «በቃሬዛ ያመጣናት ወላድ አለች። ከትላንት ጀምሮ እያማጠች ነው፤ መሻገሪያ አጥተን ከወንዙ ዳር ቆመናል። የልጁ እጅ ቀድሞ ወጥቷል። ለእሱ ነው የደወልኩልሽ።»

ደስታዬ አፌ ውስጥ መረረኝ። እጅ ቀድሞ ከወጣ መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው፤ እሱም ወንዙ ማዶ ነው። እኔም የማውቀው ስሙን እንጂ ሥራውን አይደለም።

«በግራ ጎኗ አስተኟት» አልኩ። «ግሉኮስ ይሰካላት። እጁን ማንም እንዳይጎትት።»

«ይህንንማ አድርጌያለሁ፣ ልጄ። ከዚያስ?»

ቀጠሮ ከጎኔ ሆኖ ትከሻዬን ነካ ነካ አደረገኝ። «ፎቶው ላይ ቀኑ እንዲታይ ይንገሯቸው» አለ በሹክሹክታ።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሲስተር አልዘጉም፤ መልሴን ይጠብቁ ነበር።