የመሪጌታ ገዳሙ ወይን

ሶልያና ደብረ ወርቅ የመጣችው ለሦስት ቀን ነበር። አባቷ መሪጌታ ገዳሙ የወይናቸውን ሐረግ ለማሰር መሰላል ላይ ወጥተው ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። እሷም ባሕር ዳር ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት ፈቃድ ጠይቃ፣ ሁለት ቅያሪ ልብስ ይዛ በኅዳር አጋማሽ ገባች። በአራተኛው ቀን ልትመለስ ስትነሣ መንገዱ በጸጥታ ችግር ተዘጋ። የስልክ መስመሩም በዚያው ሳምንት ጠፋ።

እናቷ ከሞተች ቆይቷል፤ ሌላ ልጅ የለም። አባቷን የምታነሣቸው፣ የምታጥባቸው፣ የምታጎርሳቸው እሷው ናት። ከግቢ የምትወጣው ገና ሳይነጋ ውሃ ለመቅዳት ብቻ ሆነ። እህል ነጋዴው ጎረቤታቸው የኋላሸት ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ ሲመለስ በአጥሩ ላይ ብቅ ይላል።

«መንገዱስ?» ትለዋለች።

«ገና ነው፣ እህቴ።»

መሪጌታ አልጋቸውን መስኮቱ ሥር አስደርገው ወይናቸውን ይመለከታሉ። አንዱ ከገዳም ያመጡት ጥቁር ነው፤ ሌላው ከችግኝ ጣቢያ የገዙት ነጭ። ለቁርባን የሚሆን ዘቢብ ከገበያ መጥፋቱን ሲሰሙ ከግቢያቸው ፍሬ ሊሰጡ ቆረጡ። ሁለቱ ሐረጎች ግን ፀሐይ በሚያገኘው አንድ ግድግዳ ላይ ተጠላልፈው ይሻማሉ።

ጥር ላይ «መግረዣው ጊዜ ደረሰ፤ መቀሱን አምጪ» አሏት።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ አባባ?»

«እነግርሻለሁ። አምና የበቀለውን ቅርንጫፍ ያዢ። ከሥሩ ቡቃያ የሚወጣባቸውን ሁለት ዓይን ቁጠሪና ከዚያ በላይ ያለውን ቁረጪ። አትራሪለት።»

ስትቆርጥ ቆየችና ቀና አለች። «መቼ መቼ ነው የሚደርሱት?»

«ጥቁሩ ግንቦት። ነጩ ሐምሌ።»

«ሐምሌማ ዝናቡ ያበሰብሰዋል። ለሁለቱ የሚበቃ ፀሐይ የለም፣ አንዱ ይነቀል።»

«ነጩን በእጄ ነው የተከልሁት» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። በሦስተኛው ቀን ፈቀዱላት። ሥሩን ስትቆፍር ዋለች፤ መዳፏ ውሃ ቋጠረ። ነቅላ ስትጨርስ ደስ አላት። ወዲያው ግን ደነገጠች፤ ለካ እዚህ ሆና ግንቦትን እየጠበቀች ነበር።

ጥቁሩ ቦታ ሲያገኝ ግድግዳውን ሞላው። ወፍ እንዳይነካው አሮጌ አጎበር አለበሰችው። ግንቦት መጨረሻ የመጀመሪያውን ቅርጫት ዲያቆናቱ እንዲያደርቁት ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዛ ሄደች። በሩ ላይ ወንጌላዊትን አገኘቻት፤ ባሕር ዳር እዚያው መድኃኒት ቤት አብራት የምትሠራ፣ ለአጎቷ ተዝካር የመጣች።

«መቼ ገባሽ?»

«ትናንት፣ በሚኒባስ።»

«በየት በኩል?»

«በየት ይሆናል፣ በመንገዱ ነዋ! ከፋሲካ ማግሥት ጀምሮ ክፍት አይደል እንዴ?» ወንጌላዊት አየቻትና ድምፅዋን ቀነሰች። «አልሰማሽም? የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ሁለት ሳምንት ጠበቀሽ። ከዚያ ሌላ ሰው ቀጠረ። ወደሽ የቀረሽ መስሎን ነው።»

ሶልያና ቅርጫቱን እዚያው አስቀምጣ ወደ ቤት ተመለሰች።

«መንገዱ መከፈቱን ያውቁ ነበር?»

መሪጌታ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «እንዳይነግርሽ የኋላሸትን እኔ ነኝ የለመንሁት። ፍሬው እስኪደርስ ብዬ። ብትሄጂ የምነሣም አልመሰለኝ።»

«ሥራዬን ወሰዱብኝ፣ አባባ።»

ወጥታ ቦርሳዋን አዘጋጀች፤ ከዚያ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ብትሄድ ማን ያነሣቸዋል? ባሕር ዳርስ ማን ይጠብቃታል? ሲመሽ ተነሥታ እራት ሠራችላቸው። ዘጠኝ ቀን ከ«ይብሉ» እና ከ«ይዙሩ» በቀር ቃል አልተነፈሰችም።

በአሥረኛው ጠዋት አንድ ነገር ሲወድቅ ሰምታ ሮጠች። ወንበሩ ተገልብጧል፤ አባቷ የመስኮቱን ደፍ ይዘው ቆመዋል። ላብ በላብ ሆነዋል።

«ዳሌው ገጥሟል» አሉ። «ከገጠመ ቆየ። ፈርቼ ነው የተኛሁት።»

መቋሚያቸውን አቀበለቻቸው። አልደገፈቻቸውም። እስከ በሩ ሰባት እርምጃ ተራመዱ። ሰኔ ሲያልቅ ግቢውን ብቻቸውን ይዞሩት ጀመር፤ ባሏ የሞተባት የእህታቸው ልጅ ወለተ ሰንበትም ከእሳቸው ጋር ልትኖር ገባች።

ሶልያና የምትሄድ ለታ አጥሩ ድረስ ሸኟት።

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

«አሁን አልችልም፣ አባባ» አለችና ጉልበታቸውን ስማ ወጣች።

ደብረ ማርቆስ ከፊተኛው ዝቅ ያለ ሥራ አገኘች። ነሐሴ ላይ ስልኩ ሲመለስ መሪጌታ በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ይደውሉ ጀመር። ሁለት እሑድ ጠርቶ ጠርቶ ተቋረጠ። በሦስተኛው አነሣችው።

«በላሽ?» አሏት።

«በላሁ። እርስዎስ?»

«አሁን ማዕድ ልቀርብ ነው።»

ስለ ወይኑ አንዳቸውም አላነሡም።