የሦስተኛው ፎቅ ወንበር

ሔርሜላ ሰው መቁጠሯን መተው አልቻለችም። የለቅሶው ድንኳን ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል፤ ቦታ ያጡት ጎረቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ከይርጋጨፌ መዘምራን መጥተዋል፤ ከየመሥሪያ ቤቱ ክራቫት ያሰሩ ወንዶች መጥተዋል። እኔ ብሞት ግማሹም አይመጣም፣ አለች በልቧ። ወዲያው አፈረች። መቁጠሩን ግን ቀጠለች።

ትንሳኤ ከተቀበረች ሁለተኛ ቀኗ ነው። ኩላሊቷ ታሞ በሦስት ሳምንት ጣላት። እናቷ እማማ የሺሃረግ ሔርሜላን ፍራሹ ላይ ከጎናቸው አስቀምጠዋታል፤ የእህት ቦታ ነው። ሔርሜላና ትንሳኤ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ እንደተኳረፉ የዲላ ሰው ያውቃል። ከኋላዋ አንዷ፣ ይቺ ደግሞ ምን አስቀመጣት ስትል ሰምታለች።

ፊት ለፊቷ ትልቅ ባነር ተሰቅሏል። ትንሳኤ ክራንቿን ይዛ ትስቃለች፤ ከሥሯ በኮሚቴ አባልነት ያገለገለችበት ድርጅት ዓርማና «ማንንም ወደ ኋላ አንተውም» የሚል ጽሑፍ አለ። ሔርሜላ የምታየው ክራንቹን ነው። የዚያ ክራንች ጥንድ ከእሷ ጎን ፍራሹ ላይ ነው ያለው።

አሥራ አራት ዓመታቸው ሳለ ቤተ ክርስቲያን ለሁለቱ አንድ ጥንድ ክራንች ሰጠቻቸው። የሔርሜላ የታመመው ግራ እግሯ፣ የትንሳኤ ቀኟ ነው፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ይበቃል ተባለ። ተካፈሉት። ካደጉም በኋላ አንድ ጥንድ እየገዙ መካፈሉን አልተዉም። ገበያ ሲወጡ ሰው «ጥንዶቹ መጡ» ይል ነበር።

የአካል ጉዳተኛ ሴቶች ማኅበሩን የመሠረተችው ሔርሜላ ናት። ደንቡን የጻፈችው፣ ከቢሮ ቢሮ ተንከራትታ ያስመዘገበችው እሷ ናት። ለማኅበራት ድጋፍ የሚሰጠው ድርጅት፣ ድጋፉ ለማን ይሁን የሚለውን በሚወስነው ኮሚቴ ውስጥ አንድ አካል ጉዳተኛ እፈልጋለሁ ሲል ግን የመረጠው ትንሳኤን ነበር። ትንሳኤ ድምፅዋ ለስላሳ ነው፤ ሰው አታስቆጣም። ሔርሜላ ታስቆጣለች።

ከዚያ ማኅበሩ ሦስት ጊዜ አመለከተ። የጠየቀው መጥፎውን ፍሬ ከጥሩው የሚለዩ ቡና ለቃሚ ሴቶች ተቀምጠው የሚሠሩበት ጠረጴዛ ነው። በአሪቻም በወርቃም የቡና ማጠቢያዎች ለቃሚዋ ቀኑን ሙሉ ቆማ ትውላለች፤ መቆም የማትችል ከበር ትመለሳለች። ሦስቱም ጊዜ «አልተመረጠም» የሚል ደብዳቤ መጣ፤ ከደብዳቤው ጋር በተያያዘው የኮሚቴ ዝርዝር ላይ የትንሳኤ ፊርማ አለ።

«ፎቅ ላይ ለስላሳ ወንበርሽ ላይ ሆነሽ እኛን ትጥያለሽ አይደል?» አለቻት ሔርሜላ፣ መንገድ ላይ፣ ሰው እየሰማ። ትንሳኤ ፈገግ አለች። ሔርሜላ ያንን ፈገግታ ሁለት ዓመት ስትጠላው ኖረች።

ከሰዓት በኋላ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ አቶ ኢዮስያስ መጣ። ስለ ትንሳኤ ረጅም ንግግር አደረገ። ሲጨርስ ከሔርሜላ አጠገብ በርከክ ብሎ፣ ቦታዋ ባዶ እንዳይሆን እርስዎ ቢተኩልን፣ መልስዎን ነገ ልስማ፣ አላት። የሔርሜላ ልብ ዘለለ። በለቅሶ ቤት፣ የጓደኛዋ እናት እጇን እንደያዙ፣ ልቧ በደስታ ዘለለ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የድርጅቱ ጥበቃ ጋሽ ጉግሳ አንድ ፌስታል ይዘው መጡ። ውስጡ የትንሳኤ ሹራብና አንድ ትንሽ ትራስ ነበር። እኔ ዘንድ የቀረ ዕቃዋ ነው አሉ።

«ጥበቃ ቤት ምን ትሠራ ነበር?» አለች ሔርሜላ።

ሽማግሌው ግራ ተጋብተው አዩዋት። ከዚያ በዝግታ ነገሯት። ስብሰባው ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለም። የመጀመሪያ ቀን ትንሳኤ ደረጃውን ወጥታ ስትደርስ የስብሰባው ግማሽ አልቆ ነበር፤ ስትወርድ ወደቀች። ከዚያ ወዲያ አትቸገሪ፣ በስልክ ትሳተፊያለሽ ተባለች። ሁለት ዓመት ጥበቃ ቤት፣ ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ያንቺ ጉዳይ ሲነሳ ትጮኽ ነበር፣ ልጄ። ያቺ ዝምተኛ። ስልኩ ይቋረጣል። በወረቀት ጽፋ ትሰጠኛለች፤ እኔ ይዤ ወጥቼ ስደርስ ወስነዋል። ፈርሚ ብለው የሚልኩላት በስብሰባው የተገኙ ሰዎችን መዝገብ ነው፤ ውሳኔውን አይደለም።»

«ለምን አልነገረችኝም?»

ጋሽ ጉግሳ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እኔም ጠይቄያታለሁ። ‹ያየኝ ሁሉ ከንፈሩን እየመጠጠ ያልፋል። በሕይወቴ የቀናብኝ ሰው ሔርሜላ ብቻ ናት። እውነቱን ነግረው ቅናቷን አይንኩብኝ› አለችኝ።»

ሔርሜላ ሹራቡን ጭኗ ላይ አጣጠፈችው፣ ፈታችው፣ መልሳ አጣጠፈችው። ማልቀስ ሲገባት ተናደደች። ሞታም በለጠቻት። በሔርሜላስ ማን ቀንቶ ያውቃል?

አቶ ኢዮስያስ እኩለ ቀን ላይ ለመልሱ መጣ።

«ስብሰባው መቼ ነው?» አለችው።

«ማክሰኞ፣ እንደተለመደው። ለእርስዎ ስልክ እናመቻቻለን።»

«እመጣለሁ። ጥበቃ ቤት ነው የምጠብቃችሁ። የመጀመሪያው ጉዳይ ጠረጴዛው ነው።»

«ወይዘሮ ሔርሜላ፣ እዚያ እኮ ለሁላችን አይበቃም።»

«በሩ ላይ ቁሙ፤ ወንበሩ አንድ ነው። ካልወረዳችሁ ባነሩን እናንተ አውርዱት።»

ሰውየው ዞር ሲል ሁሉም እያየው ነበር፤ እማማ የሺሃረግም ጭምር። «እንወርዳለን» አለ ቀስ ብሎ።

ወደ ማምሻው የእድሩ ሰዎች አግዳሚዎቹን መጫን ጀመሩ። እማማ የሺሃረግ ከጓዳ የትንሳኤን ክራንች አውጥተው ሰጧት። ሔርሜላ በሌላው ብብቷ ሥር አደረገችው። ትንሳኤ አጠር ትል ስለነበር ክራንቹ በሁለት ቀዳዳ ዝቅ ብሎ ነው የታሰረው። ድንኳን ከሚያፈርሱት አንዱ አይቷት ብሎኑን ሊፈታ ጎንበስ አለ።

«ላስተካክልልሽ፣ እትዬ?»

«ተወው» አለች።

በአንድ ትከሻዋ ዝቅ ብላ ቁልቁለቱን ወደ አስፋልቱ ወረደች።