ብርድ ልብስ የለበሰችው ጥንቸል

እናታቸው በተቀበረች በአራተኛው ቀን፣ ልክ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ልብስ ሰፊዋ የእናቷን ጥንቸል ከነሳጥኗ ከመኝታ ቤቱ አጣቻት። ታላቅ ወንድሟ ለቅሶ ደራሹን እንዳትሸተው ብሎ ጓሮ ወዳለው የቆርቆሮ መጋዘን ወስዷት ነበር። በሩን ስትከፍተው ወላፈኑ ፊቷን ገረፋት። ሳጥኑ በብርድ ልብስ ተጀቡኗል፤ ጥንቸሏ በጎኗ ወድቃ አፏን ከፍታ ታለከልካለች።

ልብስ ሰፊዋ ቆሽቷ አረረ።

«ወንድም ጋሼ፣ ምን ነካህ? ጥንቸል ብርድ እንጂ ሙቀት አትችልም ብላ እማዬ ስንቴ ነገረችህ!»

«እንዳይበርዳት ብዬ ነዋ! ደግሞ ለአንዲት ጥንቸል ይሄ ሁሉ ጩኸት?»

«አንዲት ጥንቸል? እማዬ ስትታመም ስድስት ወር ሙሉ እግሯ ስር የተኛችው እሷ ናት። አንተ ስንት ቀን መጣህ? ንገረኛ!»

ወንድሟ ብርድ ልብሱን ከሳጥኑ ላይ ገፈፈ። እሷ የጥንቸሏን ጆሮዎች በእርጥብ ጨርቅ እያቀዘቀዘች፣ በጓሮው ጥላ ስር አስተኝታ ውሃ ልትግታት ሞከረች። አፏ ግን ስድቡን አላቋረጠም።

ጥንቸሏ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ሞተች። ወንድሟ ሳጥኑን ራሱ አጥቦ መለሰላት፤ እሷ ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ አላነጋገረችውም።