ለእንግዳ የሚሣለው ሸርጣን

መርከብ በሚገባበት ቀን የወደብ ከተማዋ ፖርት ቪላ ፀጉሯን ታበጥራለች። ሮሊንም አበጠረች። ትምህርቱን ከሰባተኛ ክፍል ብታቋርጥም እግርና ምላስ ግን አልጎደላትም፤ ከወደቡ እስከ ገበያው በእግሩ ልሂድ የሚል ቱሪስት ለመምራት ከሁለቱ ሌላ የሚያስፈልግ ነገር የለም።

ያን ቀን የደረሷት ባልና ሚስት ሽማግሌዎች ነበሩ፣ አውስትራሊያውያን። የሰውዬው ጉልበት ገና ከመርከቡ ሳይርቅ እንደ ተቀቀለ ሸርጣን ቀልቷል። ሚስቱ ያየችውን ዛፍ ሁሉ ስሙ ማነው ትላለች። ሮሊን የማታውቀው ዛፍ ሲያጋጥማት የአክስቶቿን ስም ትሰጠው ነበር፤ ሴትየዋም አክስት ኤልሲንና አክስት ሮዚናን በደብተሯ ጻፈች። የአውቶቡስ ሾፌሮች ፍጥነት እየቀነሱ «እነዚህን ሽማግሌዎች በፀሐይ ልትገድያቸው ነው?» ሲሉ፣ ሮሊን አንገቷን እንደ ዶሮ ቀና አድርጋ አለፈቻቸው።

እንዲህ የሚያኮራት ነገር ነበራት። አያቷ ከአምብሪም ደሴት የመጡ ሰው ናቸው። በአምብሪም በአሸዋ ላይ የሚሣል ሥዕል እንደ እርሻ ባለቤት አለው፤ ያልተሰጠው ሰው አይሥለውም። የአያቷ ሥዕል ወደ ቤቷ የምትመለስ ሸርጣን ነች፤ ጣት ከአሸዋው ሳይነሣ በአንድ መስመር ተጀምራ በአንድ መስመር ታልቃለች። ከአሥራ አንድ የልጅ ልጆች መካከል፣ ወንዶቹን ሁሉ አልፈው፣ ያስተማሩት ሮሊንን ነው። እሷም ለአንድ ሰው ብቻ አሳየች፣ ለሌይማስ። ከልጅነት ጀምሮ አንድ ምንጣፍ ላይ የተኙ ጓደኛሞች ናቸው። ሌይማስ ለማንም እንደማታሳይ «እናቴ ትሙት» ብላ ማለች። የሌይማስ እናት ግን እስከ ዛሬ ገበያ ውስጥ በቅጠል ተጠቅልሎ የሚበስለውን ላፕላፕ ትሸጣለች፣ ጤናዋም ሙሉ ነው።

ከካቴድራሉ ቁልቁል ወርደው ባሕሩ ዳር ሲደርሱ፣ ዋርካው ሥር ቱሪስት ተሰብስቦ አዩ። ሮሊን በክርኗ እየገፋች ገባች። መሐል ላይ ሌይማስ ተንበርክካለች። አበባ ሰክታለች። ጣቷ በአሸዋው ላይ እየሄደ ነው፤ የሸርጣኗ አራት እግሮች ወጥተዋል፣ አምስተኛው እየመጣ ነው።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አለቻት ሮሊን፣ በቋንቋቸው።

ሌይማስ ቀና አላለችም። «ፎቶ እያነሱ ነው፣ አትጋርጂያቸው።»

«ምለሽልኛል እኮ።»

«ሥዕል ነው እንጂ ባልሽ አይደል። ትንሽ ብዋሰው ምን ይሆናል?»

ሮሊን በእግሯ ልታጠፋው ስትል ክንዷን የያዛት ሰው ነበር። ዊሊ ቦንግ ነው፤ እዚያው ዛፉ ሥር እንጨት እየጠረበ የሚሸጥ፣ የአያቷ አገር ሰው። ወደ ዳር ወሰዳትና እየሣቀ ጀርባዋን መታ አደረጋት።

«ተዪያት። አንቺ ግን ብልጥ ነሽ፤ የእንግዳውን ነው ያስተማርሻት።»

«የምን እንግዳ፣ አጎቴ?»

«በሩ የተዘጋውን ነዋ። ሸርጣኗ ወደ ቤቷ መግቢያ እንደሌላት አታይም? ለባዳ እንደዚያ ነው የምንሥለው። እውነተኛውን ሰጥተሻት ቢሆን ኖሮ ራሴ ሄጄ ለአያትሽ እነግርብሽ ነበር።»

ሮሊን አብራው ሣቀች። ሌላ ምን ታድርግ? ዞር ብላ ግን ያለቀውን መስመር በዓይኗ ተከተለችው። ሌይማስ አንዲት መታጠፊያ አላጓደለችም። ሮሊን የምታውቀውን ሁሉ፣ ልክ እንዳስተማረቻት ሥላዋለች።

ከዚያ ወደ ገበያው አልሄደችም። ኮረብታው ላይ ወዳሉት የቆርቆሮ ቤቶች አቅጣጫ ሽቅብ ወጣች። ባልና ሚስቱ የጉብኝቱ ክፍል መስሏቸው እያለከለኩ ተከተሏት፤ የሰው ልብስ ማስጫና የሰው አሳማ ፎቶ እያነሱ።

አያቷ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው ቦዬ ይልጣሉ።

«አያቴ፣ ሸርጣኗ በር አላት?»

ቢላዋቸው አልቆመም። «ማን ነገረሽ?»

«ዊሊ ቦንግ።»

«እሱ ደግሞ የት አይቶ?»

እዚህ ላይ መዋሸት ትችል ነበር። ውሸት ለእሷ አዲስ ነገር አይደለም። አልመጣላትም። «ሌይማስ ስትሥል።»

አያቷ ቦዬውን አስቀመጡት። «እኔ ሌይማስን አላስተማርኳትም» አሉ።

«እኔንስ መቼ አስተማሩኝ? ለፈረንጅ የሚሣለውን ሰጥተው ሦስት ዓመት ሙሉ የኛ ነው እያልኩ ስኩራራ ዝም ብለው አዩኝ።»

«አየሁሽ። የሰጠሁሽ ነገር በሌላ ሰው እጅ ተመልሶ ይመጣ እንደሆነ እየጠበቅሁ ነበር። ባይመጣ፣ ዘንድሮ አዲሱ ቦዬ ሲወጣ በሩን ላሳይሽ ነበር።»

«እፈትንሻለሁ ቢሉኝ ኖሮ እጠነቀቅ ነበር።»

«ፈተና መሆኑን ካወቀችማ ሌይማስም ትጠነቀቃለች» አሉ አያቷ።

ሮሊን በሌይማስ ልታለቅስ ነበር የመጣችው፤ አሁን የቱን አስቀድማ እንደምታለቅስ አላወቀችም። ሌሎቹን አሥር የልጅ ልጆች አሰበች። ከእነሱ አንዱ፣ ምናልባትም ያ ንፍጣሙ ዮናስ፣ በሩን ያያል።

አውስትራሊያዊቷ በዚህ መሐል ጎንበስ ብላ በአየር ላይ በጣቷ ክብ ክብ ሠራች፤ ቅድም ዋርካው ሥር ያየችውን ማለቷ ነው። አያቷ ፈገግ አሉ። ለእንግዳ ፈገግታ ነፍገው አያውቁም። የደጃፉን ጥቁር አሸዋ በመዳፋቸው አስተካክለው ጣታቸውን አሳረፉ። መስመሩ ሮጠ፤ እግር፣ እግር፣ ጀርባ። ሮሊን ሳትፈልግ አንገቷን አሰገገች። አያቷ የበሩ ቦታ ላይ ሲደርሱ ቅንጣት አላመነቱም፤ በሩን ዘግተው አለፉ።

ሴትየዋ አጨበጨበች። ከዚያ ወደ ሮሊን ዞራ አንቺም ትችያለሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት።

ሮሊን አያቷን አየች። እሳቸው ከጣታቸው ላይ አሸዋውን እያራገፉ ነበር።

«አልችልም» አለች።