ገና አላገናኘውም

ቀዩ ኮከብ ቦግ ሲል፣ ገመቹ የያዛቸው ሁለት የሽቦ ጫፎች ገና አልተነካኩም ነበር።

ከአውራጃ የመጡት እንግዶች አጨበጨቡ። ዳይሬክተሩ ጓድ መርዳሳም ሳሉን ጨርሶ አጨበጨበ።

"ቲቸር! ገና አላገናኘውም እኮ!" ሰሊማ ከፊት ወንበር ብድግ አለች።

ሦስተኛ ክፍል በሳቅ አወካ። ከእንግዶቹ አንዱ ፈገግ አለና ቶሎ ፊቱን አጠቆረ።

መምህርት ዲንቄ ኮከቡን አየችው። አምፑሎቹን በኮከብ ቅርጽ ሰሌዳው ላይ የደረደሩት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ከየቤታቸው ለቅመው፣ ትንሽ ነፍስ ቢዘራ ብለው ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ አሙቀው አምጥተዋል። የሽቦውን ልባስ በጥርሳቸው ልጠዋል። እምቢ ሲላቸው "የት ጋ ነው የተቋረጠው?" ትላቸዋለች እንጂ እጇን አታስገባም ነበር። እንዲህ ደምቆ ግን አንድም ቀን በርቶ አያውቅም።

እንግዶቹ እንደወጡ ከሰሌዳው ጀርባ ያለውን መጋረጃ ገለጠች። አንድ የማታውቀው ሽቦ ግድግዳውን ተከትሎ ወደ ዕቃ ክፍል ይገባል። ተከትላው ስትገባ ጥበቃው ጋሽ ገርባ አዲስ ባትሪና ማብሪያ ታቅፈው ተቀምጠዋል።

"ጋሼ፣ ምንድን ነው ይሄ?"

"እኔ ምን ላድርግ ልጄ? የናንተው ድንጋይ እንግዳ ፊት እምቢ ይላል ብሎ ዳይሬክተሩ ሰጋ። እኔ ስስል አብራ አለኝ። ሳለ፤ አበራሁ። አቧራ ያሳለው ይሁን ትዕዛዝ፣ በምን አውቄ?"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር።

መርዳሳ ቢሮው ውስጥ ቆሞ ጠበቃት።

"ያቺ ልጅ ነገ ሰልፍ ላይ ትወጣና 'ተሳስቻለሁ፣ ገመቹ አገናኝቶት ነበር' ትበል።"

"ያየችውን ነው የተናገረችው።"

"እንግዳ ፊት አዋረደችን! ማን ነው እንዲህ ያስተማራት?"

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው አንቺው አስተካክያት። ደግሞ ስሚ ጓድ ዲንቄ፣ ጸሎት ቤታችሁ ከታሸገ ወዲህ የት የት እንደምትሰበሰቡ የማናውቅ እንዳይመስልሽ። አይተን እንዳላየን ሆነን ነው። አቦምሳ ያለው ትምህርት ቤት መምህር አጥሯል። ከአቦምሳም የባሰ ቦታ አለ።"

ደሟ ፈላ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁሉ አንስታ ብትወረውርበት ደስ ባላት። "ጌታ ሆይ፣ አፌን ጠብቅልኝ" አለች በልቧ፤ ጥርሷን ነክሳ ወጣች።

ክፍል ስትገባ ጫጫታው ጣሪያ ነክቷል።

"ገመቹ ጠንቋይ! በዐይኑ አበራ!"

"ዝም በል አንተ!" ገመቹ ዕንባው ተናንቆታል። "እኔ አላገናኘሁትም፣ ቲቸር። ዝም ብሎ በራ።"

"ሽቦ ሳይገናኝ ይበራል ማለት ነው?" አለ ከኋላ አንዱ።

"ይበራላ! አላየህም?"

ሰሊማ ብቻ አንገቷን ደፍታለች። ዲንቄ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

"ምን ሆንሽ?"

"ዳይሬክተሩ አፈጠጡብኝ።" የደብተሯን ጫፍ አጠፈች። "ቲቸር፣ ምናልባት አገናኝቶት ነበር። ምናልባት እኔ ነኝ ያላየሁት።"

መርዳሳ ነገ ሰልፍ ላይ ሊያስብላት የፈለገውን ልጅቷ ዛሬውኑ ለራሷ ብላዋለች። ሽቦ ሳይገናኝ እንደማይበራ ለማየት ስንት ቀን ጣታቸውን የተወጉ ልጆች፣ በአንዲት ሳል ሁሉም ተናደባቸው።

አቦምሳን አሰበች። ከአቦምሳ የባሰውንም አሰበች፤ እዚያ ገብተው ያልወጡ ሰዎች ታውቃለች። ብድግ ብላ መጋረጃውን እስከ ጥግ ሳበችው።

"ሰሊማ፣ ነይ። ገመቹ፣ አንተም። ይቺን ሽቦ በጣታችሁ ያዙና ተከተሏት።"

"ወዴት ነው የምትሄደው?"

"እኔን አትጠይቁኝ። ሄዳችሁ የት እንደምትደርስ እናንተው ንገሩኝ። ሌሎቻችሁም ተነሡ፤ አትጋፉ።"

ልጆቹ እየተንጫጩ ግድግዳውን ተከተሉ። ዲንቄ ድምፃቸው እንዳይሰማ የክፍሉን በር ልትዘጋ ሄደች። የመርዳሳ ቢሮ ከግቢው ማዶ ፊት ለፊት ነው። እጀታውን ይዛ ጥቂት ቆመች፤ ከዚያ በሩን እስከ መጨረሻው ከፈተችና እንዳይዘጋ ድንጋይ አስደገፈችው።